ጢስ በሞላው እልፍኝ የቀረበ ምስጋና፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በስደት ቤቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የቅዱሳን አበው ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በአደባባይ ያደረጉትን ነው። በነገሥታት ፊት መቆማቸውን፣ መናፍቃንን መርታታቸውን፣ ድርሳን መድረሳቸውን እናደንቃለን። ወደ ቤታቸው ሲገቡ ምድጃው ይጨስባቸው እንደ ነበረ፣ ሆዳቸው እህል እምቢ ይላቸው እንደ ነበረ፣ ብርዱ እንቅልፍ ይነሣቸው እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነገረንም። የእኛ ሕይወት ደግሞ አብዛኛው የሚያልፈው በአደባባይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። እምነታችንም ዘወትር የሚፈተነው በሰማዕትነት ሰይፍ ሳይሆን በማይሞቅ ክፍል፣ በሚያፈስ ቧንቧ፣ ባልተስማማን ምግብና በተቋረጠ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የታላቁን መምህር የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ሕይወት በቤቱ በር ገብተን ልንመለከተው ወደድን። እርሱም እንደ እኛ ከለመደው ከተማ ርቆ፣ በማያውቀው አገር በሰው ቤት ተጠግቶ የኖረ ስደተኛ ነበርና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም ይጠራል። የጳውሎስን መልእክታት የተረጎመበት ትምህርት በሊቃውንቶቻችን ጉባኤ የታወቀ ነው፤ ግንቦት 12 ቀንም ቤተ ክርስቲያናችን ታስበዋለች። አፈወርቅ የሚለው መጠሪያ በጽርእ ክሪሶስቶሞስ ከሚለው የተመለሰ ሲሆን፣ ከዕረፍቱ በኋላ ስለ ስብከቱ ጣዕም የተሰጠው ነው። በሕይወት ሳለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዮሐንስ ብቻ እየተባለ ነበር።

የተወለደው በ349 ገደማ በሶርያይቱ አንጾኪያ ነው። አባቱ ሴኩንዱስ በጦር አዛዡ ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሹም ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመት ገደማ ዕድሜዋ መበለት ሆና ቀረች፤ ሁለተኛ ሳታገባም ልጇን አሳደገች። ዮሐንስ በጎልማሳነቱ ቤቱን ትቶ ሊመንን በተነሣ ጊዜ እናቱ ያደረገችውን እርሱ ራሱ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። እጁን ይዛ ወደ እልፍኟ አስገባችው፤ እርሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ አስቀምጣ አለቀሰች። ቀጥላም ባሏ ከሞተ በኋላ የደረሰባትን አንድ በአንድ ነገረችው። የአገልጋዮችን ስንፍና፣ የዘመዶችን ተንኮል፣ የግብር ሰብሳቢዎችን ጭካኔ፣ የቤት ማስተዳደርን ድካም ዘረዘረችለት። ይህን ሁሉ ያሻገራት የእግዚአብሔር ረድኤትና በልጇ ፊት ላይ የምታየው የባሏ መልክ እንደ ነበር አልደበቀችውም። ከሞተች በኋላ ይመንን ዘንድም ለመነችው።

ይህን ነገር በማስተዋል ልናየው ይገባናል። የዚህች መበለት ምስጋና መከራዋን ካልቆጠረ ሰው አፍ የወጣ አልነበረም፤ ቆጥራ ስትጨርስ የመጣ ነበር። የቤቷን ጣጣ በስሙ ጠርታ፣ ዕንባዋንም ሳትሸሽግ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል የተሰጣትን አገኘች። ልጇ ከብዙ ዓመት በኋላ በስደት ቤቱ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ዮሐንስ በአንጾኪያ ስመ ጥር ከነበረው የንግግር መምህር ከሊባንዮስ ዘንድ ተማረ። ከተጠመቀና በቤተ ክርስቲያን ጥቂት ካገለገለ በኋላም የምናኔ ምኞቱን ፈጸመ። ከከተማው አቅራቢያ ባሉት ተራሮች ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር 4 ዓመት፣ ቀጥሎም በዋሻ ብቻውን 2 ዓመት ኖረ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ወዳጁ ጳላድዮስ እንደሚለው በእነዚያ በመጨረሻዎቹ 2 ዓመታት ቀንም ሆነ ሌሊት ጎኑን አላሳረፈም። ጨጓራው ተጎዳ፤ ኵላሊቱንም ብርድ መታው። ራሱን ማስታመም ስላልቻለ ወደ ከተማ ተመለሰ። ያ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም፤ በኋላ በስደት ቤቱ ለሚመጣው ሥቃይም መሠረት ሆነ። በወጣትነቱ ወድዶ የመረጠው ችግር ነበር፤ በእርጅናው ሳይመርጠው የሚመጣበት ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛውን መቀበል ከመጀመሪያው እንደሚከብድ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል።

በ381 ዲቁናን፣ በ386 ቅስናን ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት በ387 አንጾኪያ ታወከች። ንጉሠ ነገሥቱ ታላቁ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር በመጣሉ የተቆጣው ሕዝብ የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ይህ በዘመኑ ሞት የሚያስፈርድ ወንጀል ነበር። ሽማግሌው ሊቀ ጳጳሳት ፍላቢያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ሲገሠግሥ፣ ዮሐንስ በዐቢይ ጾም ቀናት የሚንቀጠቀጠውን ሕዝብ በስብከት ያጽናና ነበር።

ከንጉሡ የተላኩት ሹማምንት ቲያትሩን፣ የፈረስ መሮጫ ሜዳውንና የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችን ዘጉ፤ የዋና ከተማነት ክብሩንም ወደ ሎዶቅያ አዛወሩት። ሕዝቡ ከሰይፍ በማምለጡ ከማመስገን ይልቅ መታጠቢያ በማጣቱ ማጉረምረም ጀመረ። ወጣቱ ቄስ ግን በዚህ አልራራም። መታጠቢያ ማጣት የመከራ ስም ሊሰጠው እንደማይገባ፣ የአንድ ከተማ ክብርም በነዋሪዎቿ ምግባር እንጂ በሕንጻዎቿ እንዳልሆነ ነገራቸው። ይህን የመታጠቢያ ነገር ምእመናን በልቡናችሁ ያዙልን፤ ከ17 ዓመት በኋላ ወደ ራሱ ወደ ሰባኪው ይመለሳልና።

በአንጾኪያ ባስተማረባቸው 12 ዓመታት ስለ ቤት ኑሮ ደጋግሞ ተናግሯል። ምእመናን ከጉባኤ ሲመለሱ ሁለት ማዕድ እንዲዘረጉ፣ አንዱን የእህል ሌላውን የቃለ እግዚአብሔር እንዲያደርጉት ይመክር ነበር። አባት የሰማውን ለሚስቱና ለልጆቹ እየነገረ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን ያድርግ ይል ነበር። መዝሙር ለካህናት ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ሲያስረዳም፣ ሴቶች በሽመና ሥራ ላይ ሳሉ፣ ቤተሰቡም በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ እንዲዘምሩ ያዝዛል። ምስጋና ቦታና ሰዓት የሚጠብቅ ነገር እንዳይመስለን የሚያደርግ ትምህርት ነው።

በ398 ሳያስበው የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ወደ መንበረ ጵጵስናው ግቢ እንደ ገባ መጀመሪያ የመረመረው የቤቱን ወጪ ነበር። አላስፈላጊ ሆኖ ያገኘውን ቀንሶ ገንዘቡን ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው። ቀድሞ በግቢው ይደረግ የነበረውን ግብዣ አስቀርቶ፣ ሆዱም ስለማይፈቅድለት፣ ብቻውን ይመገብ ጀመር። ማዕድ ያስለመዱት ታላላቅ ሰዎች ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩበት። የባለጠጎችን ቅንጦትና የቤተ መንግሥቱን ትዕቢት ሲገሥጽም ጠላቶቹ በዙ። በ403 የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ በመሩት፣ በኬልቄዶን አቅራቢያ በተደረገ ጉባኤ ከመንበሩ ተሻረ። የዚያን ጠብ ዝርዝር ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ቆይታ ስሙን እንደ ተቀበለችና እኛም ከአባቶቻችን በክብር እንደ ተረከብነው መናገሩ ይበቃል። ወዲያው ቢመለስም ከንግሥት አውዶክስያ ጋር እንደገና ተጋጨ፤ ሰኔ 20 ቀን 404 በንጉሥ አርቃዴዎስ ትእዛዝ ለዘለዓለም ከከተማው ወጣ።

የተወሰነለት የግዞት ስፍራ ኩኩሶስ ትባላለች፤ ዛሬ በቱርክ አገር ጎክሱን የምትባለው ናት። በታውሮስ ተራሮች መካከል ያለች፣ በዘመኑ ገበያ እንኳ የሌላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ወደዚያ ለመድረስ 70 ቀን ያህል ፈጀበት። በበጋው ሐሩር፣ ትኩሳት ይዞት፣ ሐኪምና ምቹ መኝታ ሳያገኝ ተጓዘ። ቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ደርሶ ጥቂት ባረፈ ጊዜ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ፤ ለቅድስት ኦሎምፒያስም ከስደቱ ብዙ ጊዜ ጽፏል። ኦሎምፒያስ በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናዊት የነበረች፣ ሀብቷን ለድሆች ያፈሰሰች፣ ስለ እርሱም መከራ የተቀበለች መበለት ናት።

በዚያ በቂሣርያ በጻፈው ደብዳቤ የታላቂቱ ከተማ ሊቀ ጳጳሳት የሚያስደስተውን ነገር ይዘረዝራል። ንጹሕ ውኃ አገኘ። ያልሸተተና እንደ ድንጋይ ያልደረቀ እንጀራ በላ። በመንገድ ሳለ በተሰበረ ጋን ስባሪ ይታጠብ የነበረው ሰው፣ እንዲህ ነው የማይባል ቢሆንም፣ መታጠቢያ ቤት አገኘ። በአልጋ ላይም ለመተኛት ተፈቀደለት። ምእመናን ሆይ፤ በ387 ለአንጾኪያ ሰዎች መታጠቢያ ማጣትን እንደ ኢምንት የቆጠረባቸው ይኸው ሰው ነው። ትምህርቱ ግን አልፈረሰም፤ ጠለቀ እንጂ። በሰገነት ላይ ቆሞ መታጠቢያ ከንቱ መሆኑን ያስተማረ ሰው፣ በመንገድ ላይ ሲያጣው ያለ እርሱ መኖርን ቻለ፤ ሲያገኘው ደግሞ ስጦታ መሆኑን ዐወቀ። ማጣት የሚያስተምረው ይህን ሁለቱን ነው።

በቂሣርያ ዕረፍቱ አልዘለቀም፤ የተነሡበት መነኮሳት ቤቱን ከበቡት፤ በትኩሳት ላይ ሳለ በጨለማ ሌሊት ለመውጣት ተገደደ። ኩኩሶስ ሲደርስ ግን ያልጠበቀው ነገር ቆየው። ዲዮስቆሮስ የሚባል የአገሩ ባለጠጋ፣ ዮሐንስ ገና ቂሣርያ ሳለ መልእክተኛ ልኮ በቤቱ እንዲያርፍ ለምኖት ነበር። ቤቱን ለቅቆ ወደ ገጠር ቤቱ ሄደ፤ ስደተኛው በብርዱ ወራት እንዳይጎዳም ቤቱን አሳደሰለት። የከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ አዴልፍዮስ በታላቅ ፍቅር ተቀበለው። ሳቢንያና የተባለች አረጋዊት ዲያቆናዊትም ያን ሁሉ አድካሚ መንገድ ተጉዛ እርሱ በገባበት ዕለት ደረሰች። ዮሐንስ ይህን ሁሉ በስም እየጠራ ጻፈ። እንዲያውም ኦሎምፒያስ በቤተ መንግሥት ሰዎች አማላጅነት ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ለማድረግ ስትደክም፣ እንድትተወው አሳሰባት፤ ከግዞት ይልቅ መንገድ እንደሚከፋበት፣ በኩኩሶስም ጸጥታና ዕረፍት እንዳገኘ ነገራት።

ይሁን እንጂ የብርዱ ወራት ገባ። የዚያ አገር በረዶ ከወትሮው የከፋ ነበር፤ ዲዮስቆሮስ ያሳደሰው ቤትም ቢሆን ሊቋቋመው አልቻለም። ዮሐንስ 2 ወር ያህል ከሙታን ባልተሻለ ሁኔታ ኖርኩ ብሎ ይናገራል። ከአልጋው ሳይወርድ፣ ከደጃፉ ሳይወጣ፣ በልብስ ላይ ልብስ ደርቦ ተኛ። እሳት ቢያነድድ ጢሱ እልፍኙን ሞላው፤ እሳቱን ቢያጠፋ ብርዱ ገደለው። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የምግብ ጥላቻና እንቅልፍ ማጣት ተፈራረቁበት። እሳትና ብርድ በሁለት ወገን እንደ ያዙት ሰው ሆነ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ራሱ ስለ ጻፈው ነው። ቅዱሱ አባት ጢሱን ጢስ፣ ትውከቱን ትውከት ብሎ ነው የጻፈው። ምስጋና ማለት የጎዳንን እንዳልጎዳን አድርጎ ማውራት አይደለም። ከመከራው በኋላ በልግ መጥቶ ሲያገግም ግን፣ በደረሰበት ነገር ሁሉ ስለ ሁሉም እግዚአብሔርን ማመስገኑን እንደማይተው ለኦሎምፒያስ ጻፈላት። ይህ ቃል በአፉ የተለመደ ነበር፤ በሚያውቁት ዘንድ መለያው እስከ መሆን ደረሰ።

ምስጋናው ደግሞ በአፍ ብቻ አልቀረም። አንዲት ክብርት እመቤት ለጨጓራው የሚሆን መድኃኒት በላከችለት ጊዜ በደስታ ወሰደው፤ በ3 ቀን ውስጥ እንደ ተሻለው ገልጾ ጨምረው እንዲልኩለት ጠየቀ። ኦሎምፒያስ በታመመች ጊዜም ለሰውነቷ እንድትጠነቀቅ፣ ብልኅ ሐኪሞችንና መድኃኒትን እንድትሻ አጥብቆ መከራት። ምስጋናና መድኃኒት በእርሱ ዘንድ አልተጣሉም። ገንዘብም ከወዳጆቹ ይላክለት ነበር። የጨሰ ምድጃውን ሊያሳምር አላዋለውም። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ እንደሚናገረው፣ በኢሳውርያውያን ሽፍቶች የተማረኩ ሰዎችን ዋጅቶ ወደ ቤተሰቦቻቸው መለሰበት፤ ችግረኞችንም ረዳበት። በፊንቄ ወንጌል ይሰብኩ የነበሩትንም ከዚያችው ከጢሳማ እልፍኝ ሆኖ ይደግፋቸው ነበር። ከስደቱ የተላኩ 240 ያህል ደብዳቤዎቹ በእጃችን ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 17ቱ ለኦሎምፒያስ የተጻፉ ናቸው።

ኦሎምፒያስን ያስጨነቃት ከሕመሟ ይልቅ ኀዘኗ ነበር። ዮሐንስም ይህን ዐውቆ፣ የልብ ኀዘን ከሥጋ ደዌ ሁሉ የከፋ መሆኑን እያስረዳ ሊያነሣት ደከመ። ራሱን የማይጎዳ ሰው በሌላ በማንም ሊጎዳ እንደማይችል የሚያስተምረውን ድርሳን የጻፈውም በዚሁ በስደቱ ዘመን ነው። ጠላት ቤትን፣ ሀብትን፣ ጤናን ሊወስድ ይችላል፤ ነፍስን ግን ባለቤቷ ካላስረከበች አይወስዳትም ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባን እንጠንቀቅ። ይህ አባት ስላመሰገነ ፍርድ መጠየቁን አልተወም። የተፈጸመበት ግፍ ከሕግ ውጭ መሆኑን ገልጾ ለሮማው ጳጳስ ለኢኖኬንትዮስ ጽፏል፤ የተበተኑ ወዳጆቹንም በእውነት ጸንተው እንዲቆሙ አደፋፍሯል። እግዚአብሔርን ማመስገን የበደለንን ሰው ትክክል ነህ ማለት አይደለም። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶቻችን አሉ፤ ደመወዛቸው ተይዞባቸው፣ ዕረፍት ተነፍገው፣ የምትዘጋ በር ያላት ክፍል እንኳ ሳይኖራቸው የሚያድሩ አሉ። ለእንዲህ ያለችው እኅት አመስግነሽ ቻዪው ብሎ መሄድ የአፈወርቅ ትምህርት አይደለም። እርሱ ቢሆን መጀመሪያ ይጽፍላት፣ ቀጥሎ የሚያስጠጋት ዲዮስቆሮስን ይፈልግላት ነበር።

የቀረችው ዘመኑ በቤት ዕጦት አለፈች። ኢሳውርያውያን ሽፍቶች አገሩን ሲያጠፉ በበረዶ መካከል ከስፍራ ወደ ስፍራ ሸሸ፤ ኋላም በአራቢሶስ ምሽግ ከተጨነቀው ሕዝብ ጋር ተጠለለ። ከአንጾኪያ እየመጡ የሚጎበኙት በመብዛታቸው ጠላቶቹ ቀኑ። በ407 በበጋ ከጥቁር ባሕር ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ፒትዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ሁለት ወታደሮች በፀሐይና በዝናብ ባዶ ራሱን እየነዱ 3 ወር አስጓዙት። አንደኛው በስውር ይራራለት ነበር ይባላል። መታጠቢያ ወዳለበት ከተማ በደረሱ ጊዜ ግን አለቃው እንዲያርፍ አልፈቀደለትም። በጰንጦስ ኮማና አጠገብ፣ በሰማዕቱ በባሲሊስኮስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በነጋው ጥቂት ተጉዘው ስለ ደከመ ወደዚያው መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ልብስ በዙሪያው ላሉት አደለ። ሥጋ ወደሙን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ አማተበና ዐረፈ። ዕለቱ መስከረም 14 ቀን 407 ነበር።

ከ31 ዓመት በኋላ በ438 ዐፅሙ ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። የአርቃዴዎስና የአውዶክስያ ልጅ ታናሹ ቴዎዶስዮስ በመቃብሩ ሣጥን ላይ ፊቱን ደፍቶ ስለ ወላጆቹ ይቅርታ ለመነ። ይህን ግን ዮሐንስ በዐይኑ አላየም። ያመሰገነው እንደሚመለስ ዐውቆ አልነበረም፤ ምስጋናውን ትልቅ የሚያደርግብንም ይህ ነው። በስደት ላለን ለእኛ ትልቁ ፈተና እስክንመለስ ድረስ ምስጋናን ማቆየት ነው። ቤታችንን እንደ ማረፊያ እንጂ እንደ ቤት ሳንቈጥረው፣ ዓመታት በማጉረምረም ያልፉብናል።

ምእመናን ሆይ፤ እኛ አንዱ ሌላውን እንደምን አደርህ ባለው ቊጥር እግዚአብሔር ይመስገን ብለን የምንመልስ ሕዝብ ነን። የታመመውም የተራበውም እንዲሁ ይመልሳል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ታላቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም በልማድ ብቻ ሲነገር ከአፍ ሳይወርድ ይቀራል። ወዲያው ደግሞ የቤቱን ጉድለት ስንደረድር እንገኛለን። ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል። ቡና ስንቆላ ወይም ዕጣን ስናጤስ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ጎረቤትም በር ያንኳኳል። አሳንሰሩ ተበላሽቶ የገዛነውን ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን። ማሞቂያው በበረዶው ሳምንት ይቆማል። እነዚህ ከኩኩሶስ ጋር የሚመዛዘኑ አይደሉም፤ ግን ልብን የሚያሻክሩት እነርሱ ናቸው።

ታዲያ የቅዱሱን አባት መንገድ በቤታችን እንሞክረው። ማሞቂያው ሲቆም በርዶናል ብለን በእውነት እንናገር፤ የሚጠግነውንም እንጥራ። ቀጥለን በዚያ ብርድ ውስጥ የተሰጠንን በስሙ እንጥራው፤ ብርድ ልብስ ያዋሰችንን ጎረቤት፣ በአንድ ክፍል ተሰብስበው የተኙትን ልጆች፣ ሻይ የሚያፈላውን እሳት። ከዚያም በእኛ ከተማ ዛሬ ማታ ከእኛ ይልቅ የበረደው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ከወገኖቻችን መካከል አዲስ የመጣ፣ ገና የሚጠጋበት ያላገኘ አይጠፋምና። ማዕድ ስንቀርብ፣ ዕቃ ስናጥብ፣ ልብስ ስናጥፍ የምናውቃትን አንዲት መዝሙር እናሰማ። ልጆቻችን ምስጋናን የሚማሩት ከእኛ ንግግር ሳይሆን ነገር በተበላሸበት ሰዓት ከሚያዩት ፊታችን ነው፤ ዮሐንስም መጀመሪያ የተማረው ከአንቱሳ እልፍኝ ነበር።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።